ከየኔታ ሣጥን የወጣው ብራና

የልጅ ልጄ ሜሮን ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አካባቢ ያሉትን ኮሌጆች ስታዳርስ ውላ መጣችና አጠገቤ ተቀምጣ ከቦርሳዋ የወረቀት መዓት አወጣች። «ይሄኛው ሕንፃው ያምራል፤ ፋርማሲ ግን የለውም። ወጣ!» ትልና ወረቀቱን ወደ ጎን ታደርጋለች። ፋርማሲ ካልሰጠ ቤተ መንግሥትም ቢሆን አትገባም። ደስ አለችኝ። ቀጥላ ግን «አባባ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ምን ነበር መማር የሚፈልጉት?» አለችኝ።

«ረሳሁት» አልኳት።

አልረሳሁትም። ሥዕል ነበር።

ጣሊያን ከተማውን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ልደታ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ብራና መጻፍ እማር ነበር። የኔታ ነበር የምንላቸው። ቤታቸው የፍየል ቆዳና የቀለም ሽታ አይለየውም። እጄ፣ የዛሬን አያድርገውና፣ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ የኔታ ግን የፊደል አጣጣል ሳያስጨርሱ ሥዕል አያስነኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ፊደል ብቻ! መረረኝ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪ የሚሄደው ትምህርቱን ተከትሎ ነው። ቅኔ የፈለገ ቅኔ ቤት፣ ድጓ የፈለገ ድጓ ቤት፣ አገር አቋርጦ ይሄዳል። ጣሊያን ዛሬ ሜክሲኮ ከሚባለው ወዲያ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ከፈተ ሲባል፣ እኔም ሥዕል እዚያ አይጠፋም ብዬ ልቤ ተነሣ። ይሰጣሉ ወይ ብሎ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም። ያስጨነቀኝ የማሳየው ሥራ ሳልይዝ ባዶ እጄን መሄዱ ነበር።

የኔታ ከመምህራቸው የወረሱት አንድ ብራና ነበራቸው። በየመጽሐፉ ራስጌ የሚሥሉት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሐረግ ሁሉ ከዚያ እየታየ ነው የሚሠራው። ሚያዝያ ማለቂያ ላይ፣ እሳቸው ቅዳሴ ሲገቡ፣ ከሣጥናቸው አውጥቼ ጋቢዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። ሳይመለሱ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። በሰንጋ ተራ በኩል በከብቱ አቧራ መሐል እየሮጥኩ ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ብራናውን መዝጋቢው ጣሊያን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ።

«የማን ሥራ ነው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«የእኔ።»

ጣሊያኑ አገላብጦ አየው፤ ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው «እዚህ ያለው ግንበኝነት፣ አናጢነትና መኪና መጠገን ነው። ሥዕል የለም። ግንበኝነት ግባ ይሉሃል ሲኞሩ» አለኝ። ብራናው መሳቢያ ውስጥ ገባ።

«እሱስ?» አልኩ።

«ወደውታል። አንተ ሌላ ትሠራ የለም እንዴ?»

የእኔ ነው ብያለሁ፤ ምን ልበል? ስሜን ከግንበኞች ጋር አስጽፌ ወጣሁ።

የኔታ ለሁለት ቀን ቤቱን ገለበጡት። አብሬያቸው ፈለግሁ! ከመደቡ ሥር ገብቼ በእጄ እየዳበስኩ ፈለግሁ። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

«አላየኸውም ልጄ?»

«ኧረ የኔታ፣ አላየሁም።»

የግንቦት ልደታ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቀቅል፣ የኔታ ጠርተው ከባቄላውም ከስንዴውም አፈሱልኝ። «የመምህሬን አደራ የት እንዳኖርሁት ጠፋብኝ። አእምሮዬ እንዲህ ከከዳኝ ነገ ቃለ እግዚአብሔርም እገድፋለሁ። ከእንግዲህ አልጽፍም» አሉኝ። የመቃ ብዕራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩ። «እጅህ መልካም ነው። እግዚአብሔር ይግለጥልህ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ብዕሩን ይዤ «አሜን» አልኩ።

ግንበኛ ሆንኩ። አብነት ሰፈር ውስጥ የእኔ እጅ ያረፈበት ግድግዳ ብዙ ነው። የኔታ ጣሊያን ሳይወጣ አረፉ። እስኪያርፉ ድረስ ራሳቸውን አላመኑም፤ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ እንኳ ብሳሳት ንገረኝ ብለው ሰው አጠገባቸው ያስቀምጡ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት እኔን ነው። አንዲት ቃል ሲስቱ አልሰማሁም። እንዳልሳቱም አልነገርኳቸውም፤ አንድ እውነት ከጀመርኩ ሌላው ይከተላል ብዬ ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት «ረሳሁት» ስላት ሜሮን «አይ አባባ፣ አርጅተዋል!» ብላ ሳቀችና ወረቀቷን ሰበሰበች። የኔታ ምንም ሳይረሱ ረሳሁ እያሉ ሞቱ። እኔ ደግሞ ሁሉን እያስታወስኩ በእርጅናዬ ተሸሸግሁ። ብዕሩ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ነገ ስትመጣ አሳይቼ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ይኸው ሳምንት ሆነኝ።