አንዱን ፈትቶ አንዱን

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የማዳበሪያ ሽታ ነው። ዓይን ያቃጥላል። ክፍሉ ድሮ መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው የቆቦን ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ከቀትር በኋላ መልሶ እላያችን ላይ ይተፋዋል። መስኮት የለውም። ከግድግዳውና ከጣሪያው መሃል ባለች ክፍተት ብርሃን ይገባል፤ በዚያችው በኩል የአውራ ጎዳናው መኪና ይሰማል። ሰው እንደ ወትሮው ወደ ጎብዬ፣ ወደ ወልድያ ይሄዳል።

ከትምህርት ቤት ነው የወሰዱኝ፣ ጠመኔ ከእጄ ሳይለቅ። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ መናገሬ ነበር፤ ወላጆች ልጆቻቸው የት እንደታሰሩ ይነገራቸው ብያለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔን ግን አላመለጠኝም፣ አስቤበት ነው የተናገርኩት።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የሮቢት ነጋዴ ናት፣ ጨዋታ የማይነጥፍባት። ማሽላውን ለማን ሸጥሽ እያሉ ነው የሚያመላልሷት። "ለሚበላ ሰው እላቸዋለሁ፤ ወላሂ አልገባቸው አለ" ትላለች። ሌላዋ ከቆቦ በታች፣ ከሜዳው የመጡ እናት ናቸው። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው። ልጁ ከቤት ከወጣ ከርሟል፤ ያለበትን ተናገሪ ብለው እናቱን አሰሩ። እሳቸውም የት እንዳለ አያውቁም።

እናትየው ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "አንቺ የልብስ ሰፊው ልጅ አይደለሽ? ለሶለል ፀጉር የምትሠሪው?" አሉኝ።

ነበርኩ። ነሐሴ ገብቶ የሶለል በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ልጃገረዶች ለጭፈራው ሹሩባ ለመሠራት ደጃችን ላይ ወረፋ ይይዙ ነበር። ቀጭኑን ከወፍራሙ እያፈራረቅኩ ስጎነጉን ምሳዬን እረሳለሁ። እንደዚያ የምወደው ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ኮሌጅ መጣ፣ ማስተማር መጣ፣ ትዳር መጣ። ለመምህርት አይሆንም አሉኝ፣ እኔም አመንኩ። የራሴን ፀጉር እንኳ በሻሽ ጠቅልዬ መውጣት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል።

"ተውኩት እናቴ" አልኳቸው።

"እጅ ይተዋል እንዴ!" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እናትየውን ለምርመራ ጠሯቸው። ሲመለሱ ፊታቸው አልተለወጠም፤ ከሰሌኑ ላይ ቁጭ አሉና እግራቸውን ዘረጉ።

"ልጅሽ ሞቷል አሉኝ። ነገ ጠዋት የጓደኞቹን ቤት ከተናገርሽ የተቀበረበትን እናሳይሻለን አሉኝ።"

ነጋዴዋ "ያ አላህ!" ብላ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳች። እናትየው ያዟት።

"ዝም በይ! ማን ሞተ? መርዶ የሚያረዳው ሽማግሌ ነው፤ በማለዳ፣ ወገን ተሰብስቦ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ ያረዳኛል እንዴ?"

በእኛ አገር ልጅ የሞተባት እናት ሹሩባዋን ትፈታለች። ያንን ፀጉር ያየ ሰው ሳይጠይቅ ያለቅሳል። እናትየው ሻሻቸውን አወለቁ። ሹሩባው ከርሟል፤ ጫፍ ጫፉ ተበትኗል፣ በጆሯቸው በኩል ያለውማ ሊለቅ ምንም አልቀረው።

"ይኸው፣ ራሱ ሊፈታ ነው" አሉ። "ነገ እንዲህ ሆኜ ካዩኝ አመነች ይላሉ። እኔም ራሴን በእጄ ስዳብሰው አምናለሁ ብዬ ፈራሁ። ካመንኩ ደግሞ መቃብሩን ለማየት ስል የሰው ልጅ አሳልፌ እሰጣለሁ። ሥሪኝ ልጄ።"

ፈራሁ። እጄ እንደማይታዘዘኝ አውቃለሁ። ደግሞም አዲስ ለመሥራት አሮጌው መጀመሪያ መፈታት አለበት፤ እሱን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እሳቸው ቀድመውኝ አስበውበታል።

"አንዱን ፍቺና አንዱን ሥሪ። እሱ ሳያልቅ ሌላውን እንዳትነኪ። ራሴ አንድ አፍታ እንኳ ተፈትቶ እንዳይውል።"

ሚዶ የለንም፤ ስንገባ ወስደውብናል። ነጋዴዋ መፋቂያዋን ሰጠችኝ። ጫፉን ሲሚንቶው ላይ አሹዬ መስመር አወጣሁበት። እናትየው ጉልበቴ መሃል ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጉንጉን ጠመመ። ሁለተኛውም ላላ። ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉኝ። ማፍረስ ደግሞ አይቻልም፤ የፈረሰ እንደሆነ ተፈታ ማለት ነው። ከንፈሬን ነክሼ ቀጠልኩ።

ቅቤም አልነበረንም። ነጋዴዋ እህቷ ያመጣችላትን ገንፎ አስታወሰችና ከመሃሉ የተረፈውን ቅቤ በጣቷ ጠርጋ አቀበለችኝ። ቀባኋቸው። ትንሽ ቆይተው ራሳቸውን ይዘው "ኧረ ተቃጠልኩ!" አሉ። የገንፎ ቅቤ በርበሬ እንዳለው ሦስታችንም ረስተነዋል! ነጋዴዋ "ወጥ አደረግናቸው እኮ!" ብላ ሳቀች። እናትየውም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ዕንባ መጣ፤ "በርበሬው ነው" አሉ፤ እኛም በርበሬው ነው አልን።

ከዚያ በኋላ እጄ መጣልኝ። መቼ እንደመጣ አላውቅም፤ ብቻ ወደ ማጅራታቸው ስደርስ እያየሁ አልነበረም፣ ጣቶቼ ራሳቸው ቀጭኑንና ወፍራሙን ይለዩ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ደስ አለኝ። በሰው ሐዘን መሃል ደስ መሰኘቴ አሳፈረኝ፣ ግን ደስ አለኝ። ብርሃኑ ከክፍተቷ ሊሸሽ ሲል የመጨረሻውን ቋጠርኩ።

ጠዋት ጠባቂው ሲጠራቸው እናትየው ሻሻቸውን አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝና ራሳቸውን ገልጠው ተነሱ። ጠባቂው የአገር ልጅ ነው፣ ገባው። ፀጉራቸውን አይቶ ወደ መሬት አቀረቀረ።

"ምነው እናቴ፣ ዛሬ አምሮብዎታል?"

"እንግዳ አለብኝ" አሉት። "ልጄ ይመጣል።"

ቀጥ ብለው ወጡ። ወደ እኛ አልመለሷቸውም። እኛ ከእስር ከወጣን በኋላ ነው እሳቸው ምንም እንዳልተናገሩ የሰማሁት።

ወደ ትምህርት ቤቱ አልመለሱኝም። አሁን ፀጉር እሠራለሁ። በመጀመሪያ ለጎረቤት፣ ከዚያ ለሶለል፣ አሁን ለመጣ ሁሉ። እናትየው ሻሻቸውን ሊወስዱ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ በመጡ ቁጥር ብቅ ይላሉ። ፀጉሩ እየነጣ፣ እየሳሳ ሄደ። አንዱን እፈታለሁ፣ አንዱን እሠራለሁ። ስለ ልጁ አልጠይቅም፣ እሳቸውም አያነሱም።

ባለፈው ክረምት መጥተው እንደ ወትሮው ጉልበቴ መሃል ተቀመጡ። አንዱን ፈታሁና ልጎነጉን ስል እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉ።

"ተዪው። ሽማግሌዎቹ ትናንት ማለዳ መጥተው ነበር። ዛሬ ሁሉንም ፍቺው።"

ከማጅራታቸው ጀምሬ ፈታሁ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው የእኔን ዕንባ በነጠላቸው ጠረጉ። ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው፣ "ሶለል እየደረሰ ነው፤ ልጆቹ ይጠብቁሻል፣ እንዳትተዪ" አሉኝ።

አልተውኩም። ግን እስከ ዛሬ ማንም ሴት ብትቀመጥ እጄ ሁሉንም በአንዴ መፍታት እምቢ ይለኛል። ልጃገረዶቹ ወረፋው ረዝሞባቸው ይነጫነጫሉ። "በአንዴ ፈትተሽ አትገላግይንም? ምን አንድ በአንድ ያስደርግሻል?" ይሉኛል።

ልማድ ነው እላቸዋለሁ።