የላጲስ ፍርፋሪ

«አይቆረጥም ብያለሁ፣ አይቆረጥም!» ብዬ ስልክ ላይ ስጮህ የሰቆጣ ገበያተኛ ዞሮ አየኝ። ይየኝ! የምጮኸው አዲስ አበባ ባለው አለቃዬ ላይ ነው። የምሠራው ቤተ ሙከራ ነው፤ ማሽናችን የተሰባበረ ፕሮቲንን በክብደቱ እየለየ የምን እንደሆነ ይናገራል።

ነገሩ የመጣው ከአጎቴ ነው። መሪጌታ ናቸው፣ ብራናም ይፍቃሉ። በጦርነቱ ጊዜ የደብራችንን መጽሐፍ ዋሻ ውስጥ ደብቀው አተረፉት፤ እርጥበት ግን ቅጠሎቹን በላቸው። ሊጠግኑት ቢያዩት ብራናው የፍየል ይሁን የበግ በዓይን አልለይ አላቸው። ያልሆነ ቆዳ ከተለጠፈበት ደግሞ በጋ ሲመጣ አንዱ ተኮማትሮ ሌላውን ይቀደዋል።

«ልጄ፣ ሳትቆርጪ እወቂልኝ» አሉኝ።

«አንዲት ክር አልቆርጥብዎትም» ብዬ ማልሁ።

ብራናውን በላጲስ ፈተግ አድርጌ፣ የቆዳው ፕሮቲን የተጣበቀበትን ፍርፋሪ ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ይቺን የምታህል ፕሮቲን ከብልቃጥ ብልቃጥ ስትገላበጥ ግድግዳው ላይ ተጣብቃ ታልቃለች። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ በአንዲት ብልቃጥ ጨረስኩ፤ ወደ ማሽኑ የሚገባውንም ፈሳሽ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቱቦ አዘገየሁት። ማሽኑ ድሮ የማያየውን አየ። ምን አየ? የሰው ቆዳና የሰው ምራቅ!

ወይ ጉድ! ካህናቱን «በእጃችሁ እንዳትነኩት» ብዬ ለምኛቸው ነበር። አልነኩትም፤ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው አመጡት። እኔ ጓንቴን ሳጠልቅ ግን ተራ በተራ ሳሙት፣ ግንባራቸውንም አስነኩት። መጽሐፍ ሳይሳለሙት ይከፈታል እንዴ? በእነሱ አልፈርድም።

ደሜን ያፈላው አለቃዬ ነው። እንደገና ልፈትግ ሰቆጣ ስመለስ ደውሎ «በፍርፋሪ ማሽን አታስይዢ፤ ጥጉን ቁረጪና አምጪ፣ አለዚያ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አይለኝም! ለእሱ ጥፍር መቁረጥ ነው። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት፣ አጎቴ አጠገቤ ቆመው የስልኩን ድምፅ እየሰሙ።

ከንፈር የማይደርስበትን፣ ስፌቱ ሥር የተደበቀውን ፈተግኩ። ከመጀመሪያውም ያነሰ ነበር። አዲስ አበባ ገብቼ፣ ሰው በሌለበት እሑድ ማሽኑ ላይ ጫንኩት። ፍየል! ጥርት ያለ ፍየል!

በስልክ መናገር አላስቻለኝም። ሰቆጣ ድረስ ሄጄ «የፍየል ነው! አንዲት ክር ሳይቆረጥ!» አልኳቸው።

አጎቴ ከኪሳቸው የተቋጠረ ጨርቅ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ፈታሁት። ከመጽሐፉ ጥግ በምላጭ የተቆረጠ ብራና ነው።

«በእኔ ምክንያት ከሥራሽ እንዳትባረሪ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

የምጮህበት ሰው አጣሁ።