አባቴ ለኦፕራሲዮኑ ዋስ ሲጠራ

የዛሬ ወር ገደማ፣ ማክሰኞ ጠዋት... ቡታጅራ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አባቴ ሆዱን ይዞ ያቃስታል። ዶክተሩ «አንጀቱ ታንቋል፤ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን መሆን አለበት» አለኝ።

ብሩን ከየት ላምጣ ብዬ ስርበተበት፣ አባቴ ከኮቱ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ የጤና መድን ደብተሩን መዥረጥ አያደርግ መሰላችሁ!

መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ታድሷል አባባ። ወጪውን መድኑ ይሸፍናል፣ ይግቡ» አለችው። «አልሃምዱሊላህ!» ብዬ ክንዱን ስይዘው... ንቅንቅ የለም።

«ያለ ዋስ?» አላት።

«የምን ዋስ አባባ?»

እዚህ ላይ ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ። ሸምሱ ይባላል፣ በርበሬ ነጋዴ ነው፣ የገበያው ዕቁብ ዳኛም ነው። በእሱ ዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን በዓይኑ አያያትም። ወስዶ መጣሉን ቢተውስ?

«ይሄ እኮ ዕቁብ አይደለም» አለችው።

«ከብዙ ሰው ተሰብስቦ ለአንዱ የሚሰጥ፣ ዕቁብ ካልሆነ ምንድነው? ድኜ ለከርሞ መክፈል ባቆምስ? ወላሂ፣ የሰው ሐቅ በልቼ ቢላዋ ስር አልተኛም!»

ላቡ ጠብ ጠብ ይላል... እሱ ይከራከራል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በመጨረሻ ሰው ፊት አለቀስኩ። በጣም ፈርቼ ነበር።

ሠራተኛዋ ብልህ ናት፤ ነጭ ወረቀት አወጣች። «እሺ፣ ዋስ እናስፈርማለን። ልጅዎ ይሁን?»

አባቴ ያን ሁሉ ሕመም ረስቶ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«እሱ? የኔን ዕቁብ ሁለት ሳምንት ሳይጥል ያሳለፈው?... ሌላ ሰው የለም?»

ጉድ በሉ! ሰልፈኛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ከኋላችን የተሰለፉት እትዬ ዘይነባ፣ ገበያ ላይ ከጎኑ ነው የሚሸጡት፣ «ኧረ እኔ አለሁልዎ ጋሽ ሸምሱ! በአላህ ይግቡ!» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ያኔ ነው እንደ በግ እየተነዳ የገባው።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ፤ ዛሬ ገበያ ውሏል። እኔም ከዚያ ወዲህ ዕቁቤን ከሁሉም ቀድሜ ነው የምጥለው።

አባቴ ተርፎልኛል... ለዋስ የሚበቃ ልጅ ለመሆን ገና ጊዜ አለኝ።