ጠይሟ በቅሎ

ያን ጊዜ ጀርመን አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ምርመራ ክፍል ውስጥ ተለማማጅ ነበርኩ። ሥራዬ ብልቃጥ ማጠብ፣ ናሙና መቅዳትና ባልገባኝ ቋንቋ ሲቀለድ ከሰው እኩል መሳቅ ነበር። አብራኝ የምትኖረው ልጅም ተለማማጅ ናት፤ የዚያው አገር ልጅ፣ ችኩልና ደግ። አንድ እሑድ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘረጋችና፣ በረፍታችን ሻንጣችንን አዝለን ከተራራ ተራራ በእግራችን እንሂድ አለችኝ።

"ምን ልናደርግ?"

"ልንሄድ።"

"ሄደንስ?"

"ሄደን እንመለሳለን።"

ሳቄ መጣ፤ ግን ደስም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ ጠፋ። ካልሲ ሳይቀር በወጥ ቤት ሚዛን ትመዝናለች። እንዲቀላት ብላ የጥርስ ብሩሿን እጀታ በመጋዝ ቆረጠችው። እኔ ባደግኩበት አገር ጭነት የሚቀለው አህያ ሲጨመር ነው። የት እናድራለን ብላ ስትጠይቀኝም ሳላስብ "የመሸብን ቦታ ነዋ! ደጅ ቆመን 'የመሸብን እንግዶች ነን' እንላለን" አልኳት። እርሳሷን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። በእነሱ አገር እንደዚያ ቢባል በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ሳይሆን ፖሊስ ነው። ተራራው ላይ ያሉት ማደሪያዎች አስቀድሞ ቦታ ካልተያዘ አያሳድሩምና እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገሪኝ አለች።

ቁርጡን መናገር አልቻልኩም። እኔ ያለ አባቴ ምርቃት መንገድ ጀምሬ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ መርቆኛል፣ ለአውሮፕላኑም መርቆኛል፤ ቅዳሜ ገበያ ስሄድ እንኳ ደጁ ላይ ቆሞ ሁለት ቃል ጣል ሳያደርግ አልወጣም። ለጓደኛዬ ይህን ስነግራት "አንቺ እኮ ትልቅ ሰው ነሽ" አለችኝ። ትልቅ መሆኔንማ አላጣሁትም። እግሬ እምቢ ይለኛል እንጂ።

መካነ ሰላም ደወልኩ። አባቴ ከከተማው ጫፍ ላይ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ስልክ ሲያወራ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ይጮኻል።

"አባዬ፣ ለመንገድ መርቀኝ።"

"ኸይር ነው? ወዴት?"

"ተራራ።"

"ገዳም ነው? ጠበል?"

"አይደለም።"

"መሥሪያ ቤቱ ልኮሽ ነው?"

"አይ፤ እንዲሁ ለመሄድ።"

"እንዲሁ ለምን?"

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አሉ። እኔም ለምን ሲለኝ የሐይቁን ማማርና የበረዶውን ንጣት ነገርኩት። እናቴ ከኋላው ሆና "በጀርባሽ ተሸክመሽ? እዚያ አገር አህያ የሚባል የለም?" ትላለች። አባቴ ግን አልሳቀም።

"መንገድ ጉዳይ ይፈልጋል ልጄ" አለኝ ረጋ ብሎ። "ሰው ለገበያ ይሄዳል፣ ለለቅሶ ይሄዳል፣ ለሠርግ ይሄዳል። ጉዳይ የሌለውን መንገድ ምን ብዬ ልመርቀው? ምርቃቱስ ምኑ ላይ ይረፍ?"

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ በንዴት ንጹሑን ብልቃጥ ሁሉ እንደገና አጠብኩ። ይህን ሁሉ ባሕርና አገር ተሻግሬ መጥቼ አንድ ጋራ ለመውጣት ፈቃድ የምጠብቅ ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ? ያም ሆኖ ለጓደኛዬ "እሺ" ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ ዕለት እናቴ ራሷ ደወለች። ሳቅ እያቋረጣት ነው የምታወራው።

"አባትሽ አገሩን አሳበደው" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በደወልኩ ማግሥት ጠዋት አባቴ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ከቤት ይወጣል። አህያ አልነዳም፣ ጆንያ አልያዘም፣ የገበያ ቀንም አይደለም። እናቴ ወዴት ነው ብትለው "ልጅቱ የምትለውን ልሞክረው" ብሏት ወደ ከላላ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ብዙም ሳይርቅ አንድ የሚያውቀው ሰው አገኘው።

"ኸይር ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ።"

"ታዲያ ወዴት ነው?"

"ዝም ብዬ ነው።"

ሰውየው ደነገጠ። "ዝም ብዬ" የሚል ሽማግሌ ብቻውን አይተውም ብሎ የራሱን ጉዳይ ጥሎ አብሮት ሄደ። ቀጥሎ ያገኟቸውም እንደዚሁ ጠየቁ፤ እነሱም ተከተሉ። አባቴ ኋላውን ቢያይ ለቀብር የሚሄድ የሚመስል ሰው ተሰልፏል። አፈረ። በመጨረሻ የመጣለትን ተናገረ፤ "በቅሎ ጠፍታብኝ ነው።"

ሁሉም እፎይ አሉ። የጠፋች በቅሎ ጉዳይ ናት።

"መልኳ ምን ዓይነት ነው?" አሉት።

እኛ ቤት የነበረችው በቅሎ ከተሸጠች ብዙ ዘመን ሆኗታል። መዋሸት የማይችል ሰው ደግሞ ሲዋሽ እንኳ እውነት ያመልጠዋል። "ጠይም ናት" አላቸው። "ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለባት። ከፊት ከፊት ነው የምትሄደው። ሲጠሯት አትዞርም።"

ግራ ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ ልጅ ሳለሁ ከድንጋይ አጥር ወድቄ ያመጣሁት ነው። ያን ቀን እያሯሯጠ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ እሱ ነው።

ሰዎቹ ተበትነው ፈለጉ፤ አንዱ እስከ ወንዙ ወረደ። ማታ እኛ ደጅ ተሰብስበው ዱካዋን እንኳ አጣን አሉ። እናቴ "የምን በቅሎ?" ልትል አፏን ስትከፍት አባቴ በዓይኑ ለመናት። ጎረቤታችን ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ።

"ልጄን በቅሎ አደረጋት!" አለች እናቴ። ስቃ ሳታበቃ፣ ስልኩ ከእጇ ተወሰደና የሼሁ ድምፅ መጣ።

"እንዴት ነሽ ልጄ? እኔ ቀይ በቅሎ አይቻለሁ፣ ጥቁርም አይቻለሁ፣ ዳማም አይቻለሁ። ጠይም በቅሎ፣ ያውም ቅንድብ ያላት፣ ወላሂ አላየሁም" አሉኝ። "ለማን ዱዓ እንደማደርግ ያኔውኑ ገብቶኛል። የወጣ ዱዓ ወደ ኋላ አይመለስም። አብሽሪ፣ ሂጂ። ይኸው አባትሽ።"

አባቴ ስልኩን ተቀበለ።

"ደክሞህ ነበር?" አልኩት።

"ኧረ ደስ ይላል" አለ፣ የሰረቀ ሰው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰዎቹ ሲፈልጉ እኔ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ዘመን በዚያ ሄጃለሁ። ወንዙን ከዚያ ላይ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ የማየው የአህያዋን ጀርባ ነው።" "ከዚያ፣ ልጄም የምታየው እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል አልኩ" ብሎ ጨመረልኝ።

"መርቀኝ እንግዲህ።"

"መንገድሽን ያቅናው። እንቅፋት አይንካሽ። ደግ ሰው ከፊትሽ፣ ደግ ሰው ከኋላሽ ይሁን። ያየሽውን ለመናገር ያብቃሽ።"

"አሜን" አልኩ። በጣም ናፈቀኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ለጓደኛዬ ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳት፣ እሷም እየጨፈረች ወደ ካርታዋ ሮጠች።

ተራራው ላይ በሁለተኛው ቀን ሻንጣው ትከሻዬን ሲቆርጠው እናቴ ስለ አህያ የተናገረችው ትክክል መሆኑን አመንኩ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር አንድ ባንድ ነበር የምንሄደው፤ እኔ ከፊት ነበርኩ። ድንገት ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ። እያለከለከች ነው።

"ስንት ጊዜ ጠራሁሽ! ለምን አትዞሪም?"

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ነገሩን በተሰባበረ ቋንቋ ስነግራት እሷም መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ግን ውሃዋን አጠጣችኝ። እዚያው ሆኜ ከታች የሚታየውን ሐይቅ ፎቶ አንስቼ ወደ ቤት ላክሁ።

ልምምዱ ሲያልቅ እዚያው ሥራ ሰጡኝ፤ እመለሳለሁ ያልኩበት ጊዜም እየተገፋ ሄደ። በከላላ መንገድ ግን ነገሩ አልተረሳም። እናቴ እንደምትለኝ፣ በየገበያው ቀን አባቴን ያገኘው ሁሉ ከሰላምታ በኋላ "በቅሎዋስ ተገኘች ወይ?" ይለዋል። አባቴም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሐይቁን ያሳያቸዋል።

"አልተመለሰችም" ይላቸዋል። "ግን ያለችበት ታውቋል።"