ሎሚና ፀሐይ ያየው ሸሚዝ

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ ልጃቸው አለምና እኔ ነን። ዛሬ ቦሌ ሚካኤል፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ ልጄ የዩኒፎርም ሸሚዟን ዝገት በሎሚ ስታሸው ሽታው መጣና ያን ቀን አስታወሰኝ።

አለም ያን ቀን ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሆቴል ለሥራ ልትፈተን ነበር። ያላት ነጭ ሸሚዝ አንድ ነው፤ እሱንም የልብስ ማስጫው ሽቦ ደረቱ ላይ አዝጎባታል። እናቴ ሎሚ ጨምቃበት ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። እትዬ ዘነበች ሮጠው አነሱት።

"ፀሐይ ካየውማ ዝገቱ ነክሶ ይቀራል!"

"ኧረ ይመልሱት እትዬ! ሎሚው ይይዘዋል እንጂ የምታስለቅቀው ፀሐይ ናት" አለች እናቴ። አባባሏ አልገባኝም።

ሸሚዙ ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲመላለስ፣ አለም ጋቢ ተጠቅልላ "እኔንም ጨምቁና አስጡኝ!" እያለች ትስቃለች። እኔ ደመና በመጣ ቁጥር ወደ ሰማይ አንጋጥጥ ነበር። በመጨረሻ ዝገቱ ገርጥቶ ጠፋ። አለቅልቀው ሰጧት፤ እርጥቡን ለብሳ ሮጠች። ሥራውንም አገኘች።

"እማ፣ ብረቱ ከሎሚው አሲድ ጋር ይጣመራል" አለችኝ ልጄ ታሪኩን ስነግራት። "ብርሃን ሲያገኘው ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ሪዳክሽን ይባላል። ከዚያ ውኃ ይወስደዋል።"

እናቴ ልክ ነበረች። ይህንን ለአለም ልነግራት ደወልኩ፤ በኋላ ለሥራ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ የያዝኩት ቁጥሯ ዛሬም አይሠራም። ደመናውን አየሁ፣ እንደገና ደወልኩ። የእትዬ ዘነበችን ልጅ አለምን የምታውቁ፣ እባካችሁ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።