ወደ ምሥራቅ የዞረው ማሞቂያ

በሰው አገር፣ ስማይርና ከተማ የገዛናት ቤት ሁለት መታጠቢያ ቤት ነበራት። አባቴ በሁለቱም በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ ነበር። ካገር ቤት ወደ እኛ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ ጥር ሲገባ ከመታጠቢያ ቤት የሚወጡት ግድግዳ ተደግፈው ነው። ሙቁን ይክፈቱ ስንላቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ልጄ ቆሞ ውሎ ያመጣውን በቧንቧ አላፈስም።» እኔ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ የማደርግ ሰው ነኝ። ቆሜ እንደምውል ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ባለቤቴን እጠረጥራለሁ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ውሃ የሚያሞቅ የፀሐይ ፓነል መስቀል ፋሽን ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጣሪያውን ሲያድስ የነቀለውን ሰጠኝ። ፀሐይ የማንም ላብ አይደለችም፤ እንግዲህ እምቢ የሚሉበት ምክንያት የላቸውም ብዬ ደስ አለኝ። አባቴን አለማወቄ ነው።

ሊሰቅልልን የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ ያገራችን ልጅ ነበር። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ቃኘና «ሳውዝ ፌስ ካላደረገ፣ ወደ ደቡብ ካልዞረ አይሠራም፣ አባባ» አለ።

አባባ ከታች መሰላሉን ይዘዋል። «ፀሐይ በየት ነው የምትወጣው?»

«በምሥራቅ።»

«ታዲያ እንግዳ ስትመጣ ጀርባችንን ልንሰጣት ነው?»

ዕድሜ ልካቸውን ወደ ምሥራቅ ዞረው የጸለዩ ሰው ናቸው። በዚያ በኩል ግን የጎረቤት ጥዶች ተገትረዋል። ቧንቧ ሠራተኛው እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። አባት ፊት «ተሳስተዋል» የሚል አፍ አላበጀሁም። ፓነሉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ተሰቀለ።

ፀሐይዋ ጥዶቹን አልፋ ፓነሉን የምታገኘው ለምሳ ነው፤ ወዲያው ጣሪያውን ተሻግራ ትሄዳለች። ውሃው ለብ እንኳ አላለም። አባባ ግን የራሳቸው ፍርድ ነውና ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ወጥተው «ይፋጃል» አሉን።

አንጀቴን በሉት። ውሃው የሚጠራቀምበት ታንከር ለደመና ቀን የሚሆን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረው፤ ማብሪያው ጋራዥ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእራት በኋላ በስውር እየወረድኩ አበራለሁ፣ ጠዋት አጠፋለሁ። አባባ በእንፋሎት ተከበው መውጣት ጀመሩ። ግድግዳውንም መደገፍ ተዉ። እሱስ ደግ ነበር፤ ችግሩ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስለ ምሥራቅ መስበካቸው ነው። ሊልበርን ከተማ ያሉ ሁለት ወዳጆቻቸው ፓነላቸውን ሊያዞሩ ነው ሲባል ስሰማ ንስሐ መግባት አማረኝ።

አንድ ሳምንት ዝናቡ አላባራ አለ። በመሃሉ ጉንፋን ጥሎኝ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ማብሪያው ትዝ ሲለኝ በካልሲ ወደ ጋራዥ ሮጥኩ። ከመተኛቴ በፊት ያጠፋሁት ማብሪያ በርቷል። ባለቤቴን ብጠይቃት ስለ ማብሪያው ጭራሽ የምታውቀው ነገር የለም።

ሳሎን ስገባ አባባ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው በመስኮት ዝናቡን ያያሉ። ፊታቸው ወዝቷል። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

«አንተ ተኛ» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «እስክትድን ፀሐይዋን እኔ አበራታለሁ።»