የማሳው ጥግ መስቀል

ያን ቀን ከጧት ጀምሮ ደረቅ ንፋስ አቧራውን እያነሳ በር ላይ ይደፋው ነበር። የካቲት ስለነበር ኮረብታው ላይ አንድ ለምለም ቅጠል አይታይም። ታርሲላ የልጅ ልጇን ኦዲልያን አቅፋ ከበሩ እስከ ምድጃው ትመላለሳለች። ሕፃኗን ከትናንት ጀምሮ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ለቅሶዋ እንኳ ደክሟል። እናቷ ኩዋውትላ ከተማ ሥራ ላይ ናት።

ታርሲላ የመንደሩን ሰው በዕፅዋት ታክማለች፤ ለቁርጠት የምታውቀው ፔሪኮንን ነው፤ ያን እንስላል እንስላል የሚሸተውን ቢጫ የዱር አበባ። አራስ ታጥብበታለች፤ ለእርጉዝ ግን ማህፀን ይነካል ብላ ጠብታም አትሰጥም። ቤት ያስቀመጠችው ደግሞ አልቋል። የቀረው በመስከረም፣ በቅዱስ ሚካኤል ዋዜማ፣ በመስቀል ቅርጽ ታስሮ የተሰቀለው ብቻ ነው፤ አንዱ በሩ ላይ፣ ሌሎቹ በማሳው ጥግ ጥግ።

እጇን ወደ በሩ ዘርግታ መለሰችው። የበሩ መስቀል ዓመቱ ሳይሞላ ከወረደ ሰይጣን ይገባል፤ ያውም የታመመ ልጅ ያለበት ቤት። ወደ ማሳው ሮጣ የጥጉን ፈታች፤ አፍልታም በማንኪያ በማንኪያ አጠጣቻት።

ብዙም ሳይቆይ የሕፃኗ ለሀጭ ይዝረበረብ ጀመር። ላብ አጠመቃት፤ እጅና እግሯ ይንቀጠቀጣል። የታርሲላ ባል ማካርዮ ከመስኖ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ማሰሮውን ነው።

"አንቺ፣ ይሄን አበባ ከየት አመጣሽው?"

"ከማሳው።"

"ከቲማቲሙ ጥግ? ትናንት የትል መድኃኒት ስረጭበት ነው የዋልኩት። ምነው የበሩን ብታወርጂ?"

"ሰይጣን ይግባ ብዬ?"

"እሱማ ይኸው፣ በማሰሮ ገባልሽ።"

የጎረቤት መኪና ለምነው ጤና ጣቢያ ደረሱ። ታርሲላ መንገዱን ሙሉ ሕፃኗ አፍ ላይ ጆሮዋን ደቅና እስትንፋሷን ስታዳምጥ ነበር፤ አንዳንዴ ይሰማታል፣ አንዳንዴ አይሰማትም። ሐኪሟ የመርዙን ስም ከማካርዮ ጠይቃ ሕፃኗን መርፌ ወጋቻት። የጎዳት አበባው ሳይሆን ላዩ ላይ ያረፈው ነው ብላ ታርሲላን ልታጽናናት ሞከረች። ታርሲላ ግን "ያጠጣኋት እኔ ነኝ" አለች።

ሕፃኗ ተረፈች። እናቷ ልትወስዳት መጣች፤ አልጮኸችም፤ የልጇን ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ ልጄን አላመጣልሽም" አለች።

ኦዲልያ አሁን ኩዋውትላ ከእናቷ ጋር ናት። ታርሲላ ከማካርዮ ጋር እዚያው ቤት ትኖራለች፤ ሆዱን አሞት ወደ እሷ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች።